ክላሪ ገንዳ ውስጥ ነው

ዴስሊ ክራትዝማን ስልክ ስታነሳ «ሃሎ» አትልም። «አትንኩት!» ነው የምትለው። ሠላሳ ዓመት እባብ ስትይዝ የኖረች ሴት ናት፤ የሚደውልላት ሰው ሁሉ አንድ ሆኖባታል። ወይ እባቡን ሊነካው ነው፣ ወይ ነክቶታል፣ ወይ ደግሞ የቤቱ አባወራ አካፋ ይዞ እየወጣ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «አትንኩት!»፣ ስምና አድራሻ ከዚያ በኋላ። አንድ ጊዜ የባንክ ሠራተኛ ደውሎላት «አትንኩት!» ብላ ብትጮህበት ደንግጦ ዘጋው። ሲነግሯት «ደግ አደረግኩ» ነው ያለችው።

ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። አጠር ደልደል ያለች፣ ግራ ጉልበቷ አልታጠፍም ያላት፣ ባርኔጣዋን ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም የማታወልቅ። ሌይድሊ የምትባል የገጠር ከተማ አጠገብ ከሽንኩርት ገበሬ ተወልዳ እዚያው አደገች፣ እዚያው ኖርም የሚባል ዝምተኛ ሰው አገባች፣ እዚያው ቀበረችው። ሃያ ሁለት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድታለች። የመጀመሪያ እባቧንም የያዘችው አውቶቡሷ ውስጥ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ዘንዶ ተጠቅልሎ ተኝቶ ልጆቹ ጣሪያውን እስኪነቅሉት ሲጮሁ፣ እሷ አውቶቡሱን ዳር አስይዛ፣ ሹራቧን አውልቃ፣ እንግዳውን ጠቅልላ ሣር ውስጥ ለቀቀችውና ተመልሳ መሪ ጨበጠች። «ቁጭ በሉ! እሱ እንኳ ከናንተ ይሻላል፣ ዝም ብሎ ነው የተሳፈረው» አለቻቸው። በሳምንቱ ለእባብ ያዥነት ትምህርት ተመዘገበች፣ ፈቃዷን አወጣች፣ ይሄው እስከ ዛሬ።

ሥራው የሚበዛው ሙቀቱ ሲገባ፣ በመዋኛ ገንዳ ነው። ጓሮው ውስጥ ገንዳ የሌለው ሰው እዚያ አገር ጥቂት ነው፤ እባብም እንደማንኛውም ፍጥረት ይጠማዋል። ሊጠጣ ይመጣል፣ ይወድቃል፣ ግድግዳው ያዳልጠዋል፣ መውጫ አጥቶ ሲዞር ይውላል። ዴስሊ ይሄን ለሰው ስታስረዳ ጉሮሮዋ ደርቋል። «ሳንቃ ጣሉለት፤ አንዱን ጫፍ ዳሩ ላይ አስደግፉለት። ራሱ ወጥቶ ይሄዳል። እሱም እናንተን ሊያይ አልመጣም!» ማን ሊሰማት! እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ከሦስቱ አንዱ የሚጠራት ለገንዳው መጥረጊያ የውሃ ጎማ ነው። እሷም ትሄዳለች፣ ጎማውን በሜንጦ ታወጣለች፣ «ወንድ ነው፣ መርዝ የለውም» ብላ ትሰጣቸዋለች።

የዚህች ሴት የቅርብ ወዳጅ መርቪን ዛብል ነው። ሰው ሁሉ መርቭ ይለዋል። ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ ቁመቱ ዘንግ የሚያህል፣ ከወንዙ ማዶ ብቻውን የሚኖር ጡረታ የወጣ አናጢ። ዓይኑ የተለየ በሽታ አለበት፤ ዳር ዳሩን ያያል፣ መሃሉ ጭጋግ ነው። ከፊቱ የቆመውን ሰው አፍንጫ አያየውም፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን ዝንብ ግን ያያታል። በየማለዳው ገንዳው ውስጥ አሥር ጊዜ ይመላለሳል። ዴስሊ ሐሙስ ሐሙስ እየሄደች የውሃውን ንጽሕና ትለካለታለች፣ ማጽጃ መድኃኒት ትጨምርለታለች፣ ከዚያ ሻይ ጠጥተው ይሰዳደባሉ።

ስድባቸውን መስማት ነው! «መጣሽ እንዴ አንቺ የተቦረቦርሽ ጋሪ?» ይላታል በሩን ሲከፍት። «አንተ ድንች፣ አልሞትክም እንዴ ገና?» ትለዋለች። በዚያ መንደር ስድብ የወዳጅ ሰላምታ ነው። ካልሰደበህ አልወደደህም። አክብሮ «አቶ» ብሎ የሚጠራህ ሰው ወይ ፖሊስ ነው፣ ወይ ሐኪም ነው፣ ሁለቱም ደግሞ ለደግ አይመጡም። ማታለልም እንደዚሁ ነው፤ ሳይስቁ መዋሸት የጨዋታው ዋና ነገር ነው። ባለፈው ክረምት ዴስሊ «በጎርፉ አዞ ወጥቷል» ብላው መርቭ ሦስት ቀን ገንዳው አጠገብ አልደረሰም። እሱም በፈንታው የፕላስቲክ እባብ መኪናዋ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ያቺ እባብ ያዥ ተብዬ በመስኮት ልትወጣ ስትል መንደሩ አይቷል።

ክላሪ ደግሞ የመርቭ ዘንዶ ነው። የመርቭ ማለት ይከብዳል፤ የማንም አይደለም፣ በራሱ ፈቃድ ኮርኒሱ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። ሰውነቱ እንደ ምንጣፍ ዥንጉርጉርነት ያማረ፣ ውፍረቱ የሰው ክንድ፣ ጠባዩ የጳጳስ። አይጥ ስለሚበላ ማንም አያባርረውም። ስሙን ያወጣችለት የመርቭ ሚስት ቫልዳ ናት፤ በዚሁ ስም የሚጠራውን ሞኝ አጎቷን ይመስላል ብላ። ቫልዳ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። መርቭ ጠዋት ጠዋት ወደ ኮርኒሱ ቀና ብሎ «ክላሪ፣ እንዴት አደርክ» ይላል፣ ከዚያ ፎቶዋን «ክላሪ ደህና ነው» ይላታል። ሁለት ጊዜ ክላሪ ገንዳ ወድቆ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ መርቭ ክንዱን ዘርግቶ፣ ዘንዶው ተጠምጥሞበት፣ ይዞት ወጥቷል።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አንድ ሐሙስ፣ ዴስሊ ውሃውን ለክታ፣ ሻይዋን ጠጥታ፣ ስድቧን ሰድባ፣ ፒክአፗን ወደ ኋላ ስታወጣ ጎማው አንድ ነገር ላይ ወጣና ወረደ። ወርዳ አየች። ክላሪ ነበር።

ሠላሳ ዓመት እባብ አድና፣ የገዛ ወዳጇን ዘንዶ ጨፈለቀች! መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደች፤ መርቭ ውስጥ ሆኖ ያፏጫል፣ ቫልዳ የምትወደውን ዜማ። ከዚያ ተመለሰች። ክላሪን በከረጢት አድርጋ ወስዳ የራሷ ማንጎ ሥር ቀበረችው። «በሚቀጥለው ሐሙስ እነግረዋለሁ» አለች። ሐሙስ መጣ፣ አልነገረችውም። ሌላውም ሐሙስ መጣ። «ክላሪ ሰሞኑን ድምፁ ጠፋ» ሲላት «ቆዳውን እየቀየረ ይሆናል» አለችው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሷ ግን እያደር ከበዳት።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይዋ ገና ከመውጣቷ ማቃጠል ጀምራለች፤ ዴስሊ ዳቦዋ ላይ ቅቤ እየቀባች ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«አትንኩት!»

«ዝም በይ አንቺ። እኔ ነኝ» አለ መርቭ። ውሃ ሲንቦራጨቅ ይሰማል። «ክላሪ ገንዳ ውስጥ ነው።»

ቢላዋው ከእጇ ወደቀ።

«ምን አልክ?»

«ክላሪ ገንዳ ውስጥ ነው አልኩሽ። አብረን እየዋኘን ነው። አሁን አወጣዋለሁ። የደወልኩት ልኩራብሽ ብዬ ነው፤ ቆዳ እየቀየረ ነው ስትይ አልነበር? አየሽ እንዳላወቅሽ?»

ዴስሊ ቁልፉን አፈፍ አድርጋ እየሮጠች ነበር፣ ያ የማይታጠፍ ጉልበቷ እንዴት እንደታጠፈ እሷም አታውቅም። «መርቭ፣ ስማኝ፣ ውጣ! አሁኑኑ ከውሃው ውጣ!»

«ለምን ብዬ? ገና ስድስቴ ነው የተመላለስኩት።»

ፒክአፑ አጓርቶ ተነሣ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ወንበሩ ላይ ወረወረችው። «ምን ያህል ይወፍራል? እንደ ክንድህ ነው?»

መርቭ አንገቱን ዘወር አድርጎ በዳር ዓይኑ እያየ መሆኑን ታውቃለች። «የለም» አለ በመጨረሻ። «ምስኪን ከስቷል። አውራ ጣት ነው የሚያህለው። ግን ፈጠነ ልጄ! ራሱን ቀና አድርጎ እንደ ጀልባ ነው የሚሄደው።»

ቀጭን፣ ፈጣን፣ ራሱን ቀና የሚያደርግ። ቡናማው እባብ ነው! በዚያ አገር ሰው ከነደፈ ወደ ሆስፒታል ለመድረስ ጸሎት የሚያስፈልገው እሱ ነው። እሷን ራሷን አንዴ ጫማዋ ላይ ነድፏት፣ የጫማዋ ቆዳ ወፍራም ባይሆን ዛሬ ይሄን ወሬ የሚነግራችሁ አልነበረም።

«መርቭ፣ ክላሪ አይደለም! ቡናማ እባብ ነው!»

«እሺ፤ አዞውስ ደህና ነው?»

«በእናቴ መቃብር! ክላሪ ሞቷል! እኔ ነኝ የገደልኩት! በመኪናዬ!»

ስልኩ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። እስኪያስለው ሳቀ። «ጎበዝ! ጎበዝ! ሠላሳ ዓመት እባብ ያዥ ሆና በመኪና ጨፈለቀችው! ይሄ ከአዞው በለጠ። ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ፣ ከቁርስ በፊት እንኳ አታርፊም?» ከዚያ ድምፁ ራቀ፤ ለእባቡ ነው የሚያወራው። «ና አይዞህ ልጄ፣ ደከመህ አይደል? ና ወደኔ።»

«መርቭ! መርቭ!» የሚሰማት የውሃው መንቦራጨቅ ብቻ ነው። ስልኩን ፎጣው ላይ አስቀምጦት መሄዱ ነው።

ከቤቷ እስከ መርቭ ቤት ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ዴስሊ ሌላ ጊዜ በትራክተር ፍጥነት ነው የምትነዳው፤ ሰው ከኋላዋ ሆኖ ጥሩምባ ሲነፋ «ምን አቻኮለህ» የምትል ናት። ያን ቀን ግን ድልድዩን ስትሻገር ጎማዎቹ መሬት መንካታቸውን እንጃ። ከኋላ የተጫነው ባልዲ ተፈናጥሮ ወደቀ፣ አላየችም። የወተት መኪና ሹፌር መስኮቱን ከፍቶ የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ አወረደባት፣ አልሰማችም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፤ «ነግሬው ቢሆን፣ ያን ዕለት ነግሬው ቢሆን!» ሰውየው የሚሞተው በእባብ አልነበረም፣ በሷ አፍ ነበር። ያኔ በሩን አንኳኩታ አምስት ቃል ብትናገር፣ ዛሬ «ክላሪ» ብሎ ክንዱን የሚዘረጋለት እባብ አይኖርም ነበር።

ግቢው ውስጥ ፒክአፗን የአበባው መደብ ላይ አቁማ ወረደች። የገንዳው አጥር በር ሕፃናት እንዳይከፍቱት ተብሎ የተሠራ፣ መያዣውን ወደ ላይ ስበው የሚከፍቱት ነው። ስንት ዓመት ከፍታዋለች! ያን ጊዜ ግን መያዣውን ወደ ታች እየጫነች አልከፈት አላት። በብረቱ ዘንጎች መሃል አየችው።

መርቭ ውሃው ደረቱ ድረስ ደርሶ ቆሟል፤ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቷል፤ ቀኝ ክንዱን ውሃው ላይ ዘርግቷል። እባቡ በግድግዳው ጥግ ሲፍጨረጨር ቆይቶ ደክሞታል። ዞረና አየ። በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ አንድ መሬት የሚመስል ነገር ቢኖር መርቭ ብቻ ነው። ወደ እሱ ይመጣ ጀመር።

«አንተ ደደብ!» ብላ ጮኸች። «እጅህን አንሣ አንተ የጃጀህ ሽማግሌ! ቡናማ ነው አልኩህ አንተ ደንቆሮ!»

መርቭ ይባስ ብሎ ፈገግ አለ። «መጣሽ? ጆሮዬን አደነቆርሽው፣ ክላሪን ታስደነግጪዋለሽ» አለ፣ ክንዱንም አላነሣ።

ያኔ ነው የገባት። በሰደበችው ቁጥር ልቡ ያርፋል። አርባ ዓመት የለመደው ዜማ ነው፤ ስድቡን ሲሰማ ሁሉ ሰላም ነው፣ ዴስሊ እየተጫወተች ነው ማለት ነው። ጩኸቷ እየገደለው ነው። መያዣውን ወደ ላይ ሳበችው፣ በሩ ተከፈተላት። ገባች። እግሯን ከጠርዙ አስጠግታ፣ ትንፋሿን ዋጠችና፣ በሕይወቷ አውጥታበት በማታውቀው ቀስ ያለ ድምፅ ተናገረች።

«አቶ ዛብል።»

የመርቭ ፈገግታ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«አቶ ዛብል፣ እባክዎን አይንቀሳቀሱ።»

እንዲህ ብሎ የጠራው የመጨረሻው ሰው የሆስፒታሉ ሐኪም ነበር። «አቶ ዛብል፣ እባክዎን ይቀመጡ» ብሎት ነበር፣ ስለ ቫልዳ ሊነግረው። መርቭ ቀጥ አለ።

ጊዜ ግን አልነበረም፤ እባቡ ደረሰ። ቀጭን ራሱን ክንዱ ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ እርጥብ ገላውን እየሳበ ወጣና፣ ትከሻው ላይ፣ ከጆሮው አንድ ጣት ርቆ ቁጭ አለ። ያ የደከመ ፍጡር ምላሱን ብልጭ እያደረገ አረፈ። ክፉ አላሰበም፤ መሬት ያገኘ መስሎት ነው።

«ትከሻዎ ላይ ነው፣ ጌታዬ» አለች ዴስሊ። «በጣም ጥሩ አድርገው ቆመዋል። በአፍንጫዎ ብቻ ይተንፍሱ።»

መርቭ በአፍንጫው ተነፈሰ።

ዴስሊ ዓይኗን ሳትነቅል እጇን ወደ ጎን ሰደደች። አጥሩ ላይ ረጅሙ የቅጠል ማንሻ መረብ ተደግፏል፤ ከሥሩ የመርቭ ተንሳፋፊ ሰሌዳ አለ፣ እግሩን ሲያሠራ የሚይዘው። ሰሌዳውን ውሃው ላይ አኖረችና በመረቡ ጫፍ ቀስ እያለች ገፋችው። ሄደ፣ ሄደ፣ ከመርቭ ትከሻ አጠገብ ቆመ። ላቧ በባርኔጣዋ ሥር ወርዶ ዓይኗን አቃጠላት፤ አልጠረገችውም።

«አሁን፣ አቶ ዛብል፣ ጉልበትዎን ያጥፉልኝ። በጣም ቀስ ብለው። ውሃው አገጭዎ ድረስ ይምጣ። መሬቱን እንቀማዋለን።»

መርቭ ወረደ። እንደ ፀሐይ ጥላ ቀስ እያለ ወረደ። ውሃው ብብቱን፣ ትከሻውን ሸፈነ። እባቡ፣ እግሩ ሥር ውሃ ሲገባ እንደሚነቃ የጀልባ ተሳፋሪ፣ ራሱን አነሣ። በመርቭ ጉንጭ አጠገብ አለፈ፤ መርቭ ዓይኑን ጨፈነ። ምላሱ ጉንጩን ነካው መሰለኝ፣ በኋላ እሱ «ነክቶኛል» ሲል እሷ «አልነካህም» ትላለች። ከዚያ ሰሌዳውን አየውና ተሻገረበት። ሙሉውን ወጣ፣ ተጠቀለለ።

ዴስሊ ሰሌዳውን በመረቡ ጫፍ ሳበች። አልቸኮለችም፣ እንደ ሕፃን አልጋ ሳበችው። ጠርዙ ጋ ሲደርስ መረቡን ከእባቡ ሥር አስገብታ፣ ብድግ አድርጋ፣ ከነመረቡ አጥሩ ጥግ ያለው ጥልቅ የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ከተተችው፤ ክዳኑን ዘንጉ ላይ ጨመቀችና መረቡን እያራገፈች ቀስ አድርጋ አወጣችው። ጥርቅም! አለ ክዳኑ። «ያዝኩህ! ያዝኩህ የኔ ቆንጆ!» ብላ ጮኸች፤ እጇን አንሥታ ዘለለች፣ ባርኔጣዋ ወደቀ፣ ያ ጉልበቷም ትዝ ብሎት አሁን ከዳት፣ እዚያው እርጥቡ ንጣፍ ላይ ዘጭ አለች። እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

መርቭ ግን አልሳቀም። ከውሃው ሳይወጣ፣ ጠርዙን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በዳር ዓይኑ አያት።

«ቡናማ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«እንግዲያ ስለ ክላሪ ያልሽው…»

ሳቋ ቆመ። «እውነት ነው። ሦስት ሳምንት ሆነው። ወደ ኋላ ስወጣ። ማንጎዬ ሥር ነው የቀበርኩት። ልነግርህ ነበር መርቭ፣ አፈር ስሆን፣ ልነግርህ ነበር።»

«በየጠዋቱ እንዴት አደርክ እለዋለሁ» አለ መርቭ። «ለቫልዳም ደህና ነው እያልኩ እነግራታለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አስዋሸሽኝ።» መሰላሉን ይዞ ወጣ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ፣ ወደ ቤቱ ሲደርስ ዞረ። «ሕይወቴን አድነዋል። አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ክራትዝማን።»

በሩ በቀስታ ተዘጋ።

እናንተዬ፣ ያ እባብ ነድፏት ቢሆን ይሻላት ነበር! እባቡን ወስዳ ሩቅ ጫካ ለቀቀችው፣ ነገር ግን ደስታዋ እዚያው ገንዳ ዳር ቀርቷል። ሐሙስ ላሚንግተን ኬክ ጋግራ ሄደች። በሩን ከፈተላት። «ይግቡ፣ ወይዘሮ ክራትዝማን። ሻይ ይጠጣሉ?» አላት። ለካች፣ ጨመረች፣ ሻይዋን ጠጣች። «አንተ ድንች» ብላ ሞከረች። «ኬኩ ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላት። መኪናዋ ውስጥ ገብታ አሥር ደቂቃ መሪውን ይዛ ተቀመጠች። ኖርም ሲሞት እንኳ ቤቷ እንዲህ ባዶ አልሆነባትም ነበር፤ ያኔ በነጋታው መርቭ መጥቶ «አንቺ ጋሪ፣ ተነሺ፣ ማልቀስ ጉልበትሽን አያድነውም» ብሏት ነበርና።

ረቡዕ ጠዋት አንዲት ሴት ጎማዋን እባብ ብላ ጠራቻት። ዴስሊ ጎማውን አውጥታ ምንም ሳትቀልድ ሰጠቻት። ከዚያ እንደተመለሰች፣ ገና ቁልፉን በሩ ላይ ሳትሰካ፣ ስልኳ ጮኸ።

«አትንኩት!»

«አልነካሁም አንቺ ቀዠቃዣ! ጆሮዬ እስኪደነቁር ተምሬያለሁ!»

ዴስሊ ቀጥ ብላ ቆመች፣ እንዳይጠፋባት ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ኮርኒሴ ውስጥ አንዲት ገብታለች» አለ መርቭ። «ከትናንት ጀምሮ አይጦቹ ጭጭ ብለዋል። ዛሬ በቀዳዳው ጅራቷን አየሁት፤ ክንድ ታክላለች፣ ምንጣፍ መሳይ ዥንጉርጉሯም አለ፣ ዘንዶ ናት፣ ስለዚህ መኪና እያበረርሽ አትምጪብኝ። ለቫልዳ ነግሬያታለሁ። ስም አውጥቼላታለሁ።»

«ማን አልካት?» አለች ዴስሊ።

«ዴስሊ። ወፍራም ናት፣ ግትር ናት፣ ሳትጠራ ትመጣለች፣ ስትሄድ ቤት ታንኳኳለች። ሌላ ስም አልስማማት አለ።»

ዴስሊ አንድ ስድብ ፈለገች፣ አርባ ዓመት ያጠራቀመችው ሁሉ ጠፋባት። እንባዋ ብቻ ነበር የሚወርደው።

«ነገ ሐሙስ ነው» አለ መርቭ። «ሻይ አፈላለሁ። ግን ስሚኝ አንቺ አሮጌ ጋሪ፤ መኪናሽን መንገዱ ላይ አቁሚና በእግርሽ ግቢ።»